አለቃ፣ ዝምታ እና ጤናችን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አለቃ ነው። አዎ፣ አለቃም የጤና ጉዳይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ቦታ አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አዋላጇ ሲስተር በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፤ ያዋለዷቸው ልጆች ራሳቸው ወልደዋል። እኔን ግን አንቱ ነው የሚሉኝ፤ ነጩ ጋውን ነው መሰለኝ። አሁን ከወለደች እናት አጠገብ ሆነው "ዶክተር፣ ደሙ ትንሽ በዛ ልበል? ቢያዩልኝ" አሉኝ። ደክሞኛል፣ ካርድ እየጻፍኩ ነው፤ ቀና እንኳን ሳልል "እሺ፣ እመጣለሁ" አልኩ። ሁለተኛ አልጠሩኝም። ስደርስ አንሶላው ርሷል፣ የእናትየው ግፊት ወርዷል፣ ሲስተር ብቻቸውን ማህፀኗን እያሹ ነው። ኦክሲቶሲን፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ሩጫ... እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች።

በኋላ "ለምን አልጮኹብኝም?" ስላቸው "ፊትዎን አይቼ ፈራሁ" አሉኝ። እኔን! የ26 ዓመት ልጅ! እውቀቱ ክፍሉ ውስጥ ነበር እኮ። የጠፋው ከእሳቸው አፍ እኔ ጆሮ ድረስ ያለችው መንገድ ናት፤ የዘጋኋትም እኔ ነኝ።

አሁን የምሠራው ውጫሌ ነው። የ1881 ዓ.ም.ን ውል ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችኋል። በአንቀጽ 17፣ አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመገናኘት ጣሊያንን መጠቀም "ይችላሉ" ሲል፣ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። መዘዙ እስከ ዓድዋ ሄደ። በየመሥሪያ ቤታችንም ሁለት ቅጂ ያለ ይመስለኛል። አለቃው የያዘው ቅጂ "ማንም ሐሳቡን መናገር ይችላል" ይላል፤ ሠራተኛው የሚያነበው ግን "አለቃው ያለውን ማለት ግዴታ ነው"።

ይሄ ሰውነት ውስጥም ይገባል። "ጭንቀት ያለው አለቃው ላይ ነው" ሲባል እንሰማለን አይደል? እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር በመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተጀመረው የዋይትሆል ጥናት ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ በልብ ሕመም በብዛት የሚሞቱት የታችኞቹ ነበሩ። ሲጋራ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነው ያስረዱት። በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ በገዛ ሥራው ላይ የመወሰን ዕድል የሌለው ሰው ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ አሳየ። ሥራው ብዙ፣ ውሳኔው የሌላ ሲሆን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ማረፊያ ያጣሉ፤ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ግፊት ይወጣል።

ስለዚህ "ኃላፊነት ሰጠሁህ" ብሎ ሥራውን ብቻ አራግፎ መሄድ ማብቃት አይደለም። ሥልጣኑ፣ ጊዜውና መሣሪያው አብሮ ካልመጣ ሸክም መጨመር ነው። ይሄ ነገር ጤና ተቋም ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ባንክም፣ ሱቅም፣ ትምህርት ቤትም ያው ነው።

እኔ አሁን ጠዋት በሽተኛ ስንዞር መጀመሪያ የሚናገረው ትንሹ ነው፤ እኔ መጨረሻ። ምክንያቱም እኔ ቀድሜ በሽታው ይሄ ነው ካልኩ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። "ተሳስተሃል" ሲሉኝ ደግሞ ከመከራከሬ በፊት አመሰግናለሁ። የማይሆንልኝ ቀን አለ፣ አልዋሽም።

ከአለቃ በታች ላላችሁ ደግሞ፦ አደጋ ያለበት ነገር ላይ "መሰለኝ"ን ተዉት። "ደም እየፈሰሰ ነው፣ አሁን ይምጡ" ማለት ነውር የለውም። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ልባችሁ ከመታ "የሥራ ጭንቀት ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ግፊታችሁን ተለኩ። በተለያየ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተለማማጅ ተማሪ ያዘዝኩትን አይታ "ዶክተር፣ ይሄ መጠን ለሕፃን በዝቷል" አለችኝ። መሰለኝ አላለችም። ስልካችንን አውጥተን በኪሎው አሰላነው። በዝቶ ነበር፤ ቀነስነው።