የእንቁራሪት የትል ሕክምና

ጥያቄ፦ ለቤት እንቁራሪት የከብት የትል መድኃኒት መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ በእንቁራሪት ዓይነ ምድር ውስጥ ጥቂት የትል እንቁላል መታየቱ ብቻውን ሕክምና አያስገድድም፤ ብዙዎቹ ከትል ጋር በጤና ይኖራሉ። የሚያሳስበው እየበላች ስትከሳ፣ ወይም ራብዲያስ የተባለው የሳንባ ትል ሲገኝባት ነው። የዚህ ትል እጭ እርጥብ አፈር ላይ አድጎ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ በጠባብ ሣጥን የምትኖር እንቁራሪት ከራሷ ኩስ መልሳ መላልሳ ትያዛለች።

ፌንቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት ለከብትም ለእንቁራሪትም ይሰጣል፤ ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። ሐኪም በኪሎ 50 ሚሊግራም ቢያዝ፣ 30 ግራም ለምትመዝን እንቁራሪት የሚደርሳት 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህ 10 በመቶ ከሆነው ፈሳሽ 0.015 ሚሊሊትር፣ ማለትም በስሪንጅ በትክክል የማይለካ ነው። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ማቅጠን አለበት፤ በግምት መስጠት አያዋጣም። አይቨርሜክቲን የተባለው ሌላ የትል መድኃኒት ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል፤ መጠኑ ካለፈ ሽባ ያደርጋል። የእንቁራሪት ቆዳም የነካውን ሁሉ ይመጥጣል፤ ጀርባዋ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት እንደተዋጠ ይቆጠራል።

በሕክምናው ወቅት አፈሩ ወጥቶ በየቀኑ የሚቀየር እርጥብ ሶፍት ይነጠፋል፤ ውኃው ክሎሪን የሌለበት መሆን አለበት። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገምና ዓይነ ምድሯ እንደገና በማይክሮስኮፕ ይታያል።