ጅቡቲ ላይ ብርቱካናማውን ቀለም ይምረጡ

ከደቂቅ አልጌ የምግብ ቀለም ለማምረት የሚያስቡ ወገኖቻችን ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ስፒሩሊና ነው። ከእሱ የሚወጣው ሰማያዊ ፋይኮሳያኒን በእርግጥ ገበያ አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ለከረሜላና ለማስቲካ ፈቅዶታል፤ በ2025 ደግሞ ከነዳጅ የሚሠሩ ቀለሞች ከምግብ እንዲወጡ ግፊት ጀምሯል።

ጅቡቲ ከተማ ላይ ግን ስፒሩሊናን አልመክርም። ከተማዋ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከአዲጋላ፣ በቧንቧ ውሃ የምታስመጣ ናት፤ በሞቃቱ ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ክፍት ኩሬ ያንን ውድ ውሃ በትነት ይጨርሰዋል። ፋይኮሳያኒንም ሙቀትና ብርሃን ሲበዛበት ይበላሻል። የስፒሩሊና ቦታው ሶዳማ ሐይቆቻችን ናቸው፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አካባቢ ባለው ጪቱ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል።

ለጅቡቲ የሚስማማው ዱናሊየላ ሳሊና የተባለው ደቂቅ አልጌ ነው። ሌላውን ተክል የሚገድለው ጨውና ፀሐይ ለእሱ ጥቅም ነው፦ ጨው ሲበዛ፣ ብርሃን ሲበረታ፣ ናይትሮጅን ሲያንሰው አረንጓዴው ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። ያ ቀለም ቤታ ካሮቲን ነው፤ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ጨዋማነቱ ተባይንም ያርቃል። አውስትራሊያ ሃት ላጉን ላይ፣ እስራኤልም በቀይ ባሕር ዳርቻ ኤላት ላይ ያመርቱታል።

ችግሩ መሰብሰቡ ላይ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሁለት ጭራ የሚዋኝ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሕዋስ ነው፤ ጠንካራ ግድግዳ ስለሌለው በኃይል ሲሽከረከር ይፈርሳል። ከአንድ ሊትር የኩሬ ውሃ የሚገኘው ደረቅ ምርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግራም አይሞላም። ውሃውን ለመለየት ብዙ ወጪ ይወጣል፤ ማሽን ሻጮች ይህን ቶሎ አያነሡትም። የተሰበሰበው ደግሞ ብርሃንና አየር ሳያገኘው፣ በዘይት ውስጥ፣ በቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ከጅቡቲው ዶራሌ ወደብ ሲጫንም ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ይይዙለታል።

የጅቡቲ ፍራንክ 177.721 ለአንድ ዶላር ተቆርጦ የተያዘ ስለሆነ የምንዛሪ ስጋቱ ቀላል ነው። ሥራውን ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጀምር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ከመረጠ፣ ለውጭ ባለሀብት የተጣለው የ200,000 ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል አይመለከተውም።

እባክዎ፣ ትልቅ ኩሬ ከማስቆፈርዎ በፊት በትንሽ ኩሬ ሙሉ ዓመት ይሞክሩ፤ አቧራማው የከምሲን ነፋስ የሚነፍስበት ሞቃቱ ወቅት እንዳያመልጥዎ። ናሙናውን እውቅና ባለው ላቦራቶሪ ለከባድ ብረትና ለጀርም ያስመርምሩ፤ ውጤቱን ለገዢ አሳይተው የግዢ ስምምነት ሳይዙ ማሽን አይግዙ።