አዲስ ትራክተር ከመረከብ አስቀድሞ ስለሚደረግ የዘይትና የውኃ ምርመራ

አዲስ የእርሻ መኪና በመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚመለከተው ቀለሙንና ጎማውን ነው። የመኪናው ዕድሜ ግን የሚወሰነው በውስጡ ባለው ዘይትና ውኃ ነው። በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ ያሉ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን ነገር ከሌላው አገር ይልቅ አጥብቀው ሊያስቡበት ይገባል። በአርሲ በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ ወዲህ ትራክተር የተለመደ ስለ ሆነ ባለሙያ አይታጣም፤ ነገሌ ግን ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ የሐገያውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ብቻ ስለ ሆነ፥ ዘይት አጥቶ የተጣበቀ ሞቶር እስኪጠገን ድረስ የእርሻው ወቅት ያልፋል።

ሻጩ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት የሚፈጽመው ዝግጅት አለ። ትራክተር ከባሕር ማዶ ሲላክ ጎማው ከልኩ በላይ ይነፋል፤ ባትሪው አንዳንድ ጊዜ ያለ አሲድ ይመጣል፤ አንዳንዱም ዕቃ ተፈቶ በሣጥን ይላካል። ይህን ሁሉ ገጥሞ፥ የጎማውን ነፋስ አስተካክሎ፥ ዘይቱን ሞልቶና የጎማውን ዳዶ አጥብቆ ማስረከብ የሻጩ ሥራ ነው። ነገር ግን «ተዘጋጅቷል» የሚል ወረቀት ቢቀርብም ተረካቢው በዓይኑ ሳያይ ሞዴል 19 ሊቆረጥ አይገባም። ከተቆረጠ በኋላ የጐደለው ዘይት ሳይሞላ የቀረ ይሁን ወይም በመንገድ የፈሰሰ ይሁን ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል።

ምርመራው እንዲህ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ ሞቶሩም ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። የመለኪያው ዘንግ ተስቦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ተመልሶ ገብቶ እንደ ገና ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መታየት አለበት። ከላይኛው ምልክት ማለፉም ጉዳት ነው፤ ዘይቱ አረፋ ይሆናልና። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ከታየ ውኃ ገብቶበታል ማለት ስለ ሆነ ሞቶሩ ፈጽሞ አይነሣ።

በትንንሽ ትራክተሮች ብዙ ሰው የሚስተው የካምቢዮውን ዘይት ነው። በአብዛኞቹ ዘንድ ይኸው ዘይት ማረሻውንና የፊቱን አካፋ የሚያነሣውን ኃይል ይሰጣል። አካፋው አዲስ በተገጠመ ጊዜ ዘይቱ ገብቶ ባዶዎቹን ቱቦዎችና ሲሊንደሮች ይሞላል፤ ስለዚህ ጧት ልክ የነበረው ከሰዓት በኋላ ጐድሎ ይገኛል። አካፋው ጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ ተደርጎ፥ መሬት ላይ ከወረደ በኋላ እንደ ገና ሊለካ ያስፈልጋል። አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊተኛው አክስል ዘይቱ ለብቻው ነው፤ እርሱም አይረሳ።

ስለ ራዲያቶሩ ውኃ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ከኤላ የሚቀዳው ውኃ ለከብት ቢመችም ጨውና ኖራ ያለበት ከሆነ በራዲያቶሩ ቀጭን መንገድ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያዝዘው ማቀዝቀዣ ቢገባ ይሻላል፤ ከጠፋም ንጹሕ የዝናብ ውኃ ከኤላው ውኃ ይመረጣል። ክዳኑም ሞቶሩ ሳይበርድ አይከፈት፤ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል።

ነጂው መኪናው የሠራበትን ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ። የጎማው ዳዶ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥራ በኋላ እንደ ገና ይጠበቃል፤ በብዙዎቹም ፋብሪካዎች መጽሐፍ የመጀመሪያው የሞቶር ዘይትና ፊልትሮ የሚለወጠው በ50ኛው ሰዓት ነው። ዘይቱና ፊልትሮው በዚያ ቀን በመጋዘን እንዲገኝ ትእዛዙ መኪናው ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ይላክ።