የኮምፒዩተርን የኔትወርክ ቅንብር ወደ መነሻው መመለስ

በዚህ ዕትም የኮምፒዩተር ትምህርታችን ስለ ኔትወርክ ይሆናል። በመጠለያ ጣቢያ ለምንኖር ሰዎች ኢንተርኔት መዝናኛ ብቻ አይደለም። ተማሪው ለነጻ ትምህርት ዕድል የሚያመለክትበት፣ እናት በሌላ አገር ካለ ልጇ ጋር የምትገናኝበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ሲዘጋ «ኮምፒዩተሩ ተበላሸ» ብሎ መተውም ሆነ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ መነካካት የማመልከቻ ቀን ያሳልፋል። ስለዚህ ችግሩን በቅደም ተከተል መፈለግን እንማር።

ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ የተገናኘበትን ኔትወርክ አይረሳም። የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃሉን (ፓስወርዱን) እና አንዳንድ ጊዜ በእጅ የተሞላ የአድራሻ ቁጥር ይይዛል። ይህ ቁጥር አይፒ አድራሻ ይባላል። ከብሎክ ወደ ብሎክ የተዛወረ ቤተሰብ በድሮው የቤት ቁጥር ቢፈለግ እንደማይገኝ ሁሉ፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ወይም ራውተሩ ሲለወጥ በድሮው መረጃ የሚሠራ ኮምፒዩተርም መስመር ያጣል። መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ያረጀው የተቀመጠው መረጃ ነው።

ከመንካታችን በፊት

1ኛ. በጎረቤት ያለው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ይሠራ እንደሆነ እንይ። ሁሉም ካልሠሩ ችግሩ ከራውተሩ ወይም ከዋናው መስመር ነው፤ የእኛን ኮምፒዩተር ማደስ አይጠቅምም።

2ኛ. ቀኑንና ሰዓቱን እንይ። የውስጥ ባትሪው የደከመ ኮምፒዩተር ሲጠፋ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዋይፋዩ ተገናኝቶ እያለ ብዙ ገጾች «ደህንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ አይከፈቱም። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል ሲሞላ ይስተካከላል።

3ኛ. ኮምፒዩተሩን አጥፍተን እናስነሳ። ብዙ ችግር በዚህ ብቻ ያልቃል።

4ኛ. አድራሻውን እንመልከት። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአይ ፊደል ጋር ስንጫን ሴቲንግስ ይከፈታል። «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ ገብተን የተገናኘንበትን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ስንከፍት አራት ቁጥሮች በነጥብ ተለያይተው ይታያሉ። በአብዛኛው በ192.168 ወይም በ10 ይጀምራሉ። በ169.254 ከጀመሩ ግን ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስላላገኘ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነውና ወደ ኢንተርኔት አያደርሰንም። እዚያው ገጽ ላይ «አይፒ አሳይንመንት» የሚለው «ማኑዋል» ከሆነ ቁጥሩ በሰው እጅ የተሞላ ነው፤ «አውቶማቲክ» ከሆነ ራውተሩ ራሱ ያድላል።

አንዱን ኔትወርክ ብቻ ማስረሳት

የይለፍ ቃሉ ስለተለወጠ ብቻ የማይገናኝ ከሆነ ሁሉን ማደስ አያስፈልግም። በዊንዶውስ 11 በዋይፋይ ክፍል ውስጥ «ማኔጅ ኖውን ኔትወርክስ» የሚለውን ከፍተን ከዚያ ኔትወርክ ጎን «ፎርጌት» እንላለን። ከዚያ ኔትወርኩን እንደ አዲስ መርጠን አዲሱን የይለፍ ቃል እናስገባለን።

ሁሉን ወደ መነሻው መመለስ

ይህ ሁሉ ካልረዳ የመጨረሻው መሣሪያ «ኔትወርክ ሪሴት» ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም የገባ ሲሆን በዊንዶውስ 11ም አለ። ሥራው የኔትወርክ ካርዶችን ሁሉ አውጥቶ እንደገና መጫንና የቀሩትንም ቅንብሮች እንደ መጀመሪያቸው ማድረግ ነው። ፋይሎቻችንን፣ ደብዳቤዎቻችንንና ፎቶግራፎቻችንን አይነካም። የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ግን ይጠፋሉ፤ በእጅ የተሞሉ አድራሻዎችም እንዲሁ። ቪፒኤን ካለም እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለዚህ በቅድሚያ ደብተርና እስክርቢቶ እንያዝ። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል፣ «ማኑዋል» ከሆነም የአይፒ፣ የጌትዌይና የዲኤንኤስ ቁጥሮችን፣ ፕሮክሲ ካለ እሱንም እንጻፍ። በጋራ በምንጠቀምበት ክፍል ከሆነ የክፍሉን ኃላፊ ሳናስፈቅድ አንጀምር። ቁጥሮቹ ሳይጻፉ ቢጠፉ ጉዳቱ የሌላውም ተማሪ ነው፤ ሥራውም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከዚያ እንዲህ እናደርጋለን፦

ሀ. በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ኔትወርክ ሪሴት»። በዊንዶውስ 10 «ስታተስ» የሚለውን ገጽ ከፍተን ወደ ታች ስንወርድ እናገኘዋለን።

ለ. «ሪሴት ናው» የሚለውን ተጭነን «የስ» ብለን እናረጋግጣለን።

ሐ. ኮምፒዩተሩ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። የጀመርነውን ጽሑፍ በዚህ ጊዜ ውስጥ እናስቀምጥ። ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ሲል ወይም የክፍሉ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ይህን ሥራ አንጀምር።

መ. ሲነሣ ዋይፋዩን መርጠን የጻፍነውን የይለፍ ቃል እናስገባለን። ክፍሉ በእጅ የተሞላ አድራሻ የሚጠቀም ከሆነ ቁጥሮቹን ከደብተራችን እንመልሳለን። «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» የሚል ምርጫ ካየን በጋራ ቦታ «ፐብሊክ» ይሻላል፤ ሌሎች ኮምፒዩተሮች የእኛን በቀላሉ እንዳያዩት ያደርጋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አድራሻው በ169.254 የጀመረ ኮምፒዩተር ምን ጎድሎታል?
2. የሁሉም ሰው ስልክና ኮምፒዩተር መስመር ካጣ ኔትወርክ ሪሴት ለምን አይጠቅምም?
3. ከሪሴት በፊት በደብተር የሚጻፉትን ነገሮች ዘርዝሩ።

ጥያቄዎቹን ከጓደኛ ጋር ተወያዩባቸው፤ የተማራችሁትንም ላልተማረው አሳዩ። መልካም ጥናት!