ማስረጃ ማለት ምን ማለት ነው?

ማስረጃ የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን። ተመራቂው «የትምህርት ማስረጃዬን ተቀበልሁ» ይላል። ከሥራ የቀረው ሠራተኛ «የሐኪም ማስረጃ አምጣ» ይባላል። በዚህ አነጋገር ማስረጃ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ግን «ማስረጃህ የታለ?» ለሚለው ጥያቄ «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው እኮ!» የሚል መልስ አይጠፋም። ታዲያ አገር ያወቀው ሁሉ ማስረጃ ነውን?

፩. የቃሉ ሥር

ቃሉ «አስረዳ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ማስረጃ ማለት ሌላው ሰው ነገሩን እንዲረዳ የሚደረግበት መሣሪያ ነው። ስለዚህ እኔ በልቤ ማወቄ አይበቃም፤ ያላየውን ሰው ማስረዳት አለብኝ። በሕግ ቋንቋም ከሳሽ «የማስረዳት ሸክም» አለበት ይባላል። ተማሪው ካልገባው መምህሩ አስተማረ እንደማይባል ሁሉ፣ ዳኛውን ያላስረዳ ከሳሽም ክሱ ይወድቅበታል።

፪. የሚምታቱ ቃላት

ወሬ፦ ተናጋሪው የማይታወቅ፣ ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው የሌለው ቃል ነው።

መረጃ፦ ለፍለጋ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። «የጠፋው በሬ ወደ መርሳ ሲነዳ ታይቷል» ቢባል የት እንደምንፈልግ ይጠቁመናል እንጂ ሌባው ማን እንደሆነ ገና አያስረዳም።

ምስክር፦ ያየውን ወይም የሰማውን በዳኛ ፊት ቀርቦ የሚናገር ሰው ነው።

እማኝ፦ ውል ሲፈጸም እንዲያይ አስቀድሞ የሚቆጠር ሰው ነው። ምስክር በአጋጣሚ ሊገኝ ይችላል፤ እማኝ ግን ታስቦበት ይጠራል።

፫. ያዩ ሰዎች ሲኖሩም

አንድ ሰው በሐራ ገበያ በሬ ሊገዛ ገንዘብ አንሶት ከጓደኛው 3000 ብር ተበደረ እንበል። ብሩ ሲቆጠር ሁለት ጎረቤቶች አይተዋል። ኋላ ተበዳሪው ቢክድስ? «ያዩ ሰዎች አሉኝ፣ ምን ቸገረኝ!» ማለት አያዋጣም። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደሚለው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። 500 ብር በ1952 ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በእምነት ብቻ የምንሰጣጣው ብድር ሁሉ ከዚህ በላይ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ይረሳል፣ ይሞታል፣ ያዳላል። ስለዚህ ለወዳጅም ቢሆን ሲያበድሩ መጻፍና ማስፈረም ነውር አይደለም።

፬. ከወፍ ወደ ምስክር

ጥንት ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ጥፋተኛው ካልወጣ ሕዝቡ በጅምላ ይከፍላል። ምስጢር የሚያወጣው ስውር ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። የሌባ ሻይ ሥርዓት ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ የገባበትን ቤት የሌባ ቤት ያደርግ ነበር። የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው፤ ወፍም ሆነ የሰከረ ልጅ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቁም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይህንን ይዘጋል። የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮቹንም የመጠየቅ መብት አለው።

፭. ለእኛ ለመምህራን

ሕፃን ልጅ በሕይወቱ ከቤተሰቡ ውጭ የሚያገኘው የመጀመሪያ ዳኛ መምህሩ ነው። እስክሪብቶ ጠፋ፤ ክፍሉ በሙሉ «እሱ ነው! ድሮም አመሉ ነው!» ብሎ ጮኸ። አርባ ልጅ አንድ ወሬ ቢደጋግም አርባ ምስክር አይሆንም። ያየው ማን ነው? የት ሆኖ አየ? የተጠረጠረው ልጅስ ምን ይላል? ይህን ሳይጠይቅ የሚቀጣ መምህር አውጫጭኝን በክፍሉ ውስጥ ተክሏል። ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ልጅም ከዚያ በኋላ እውነት መናገር ምን እንደሚጠቅመው አይታየውም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ መርምሮ መፍረድን ከወዲሁ እንልመድ።

መወያያ
1. ሁለት ተማሪዎች በፈተና ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ቢጽፉ መረጃ ነው ወይስ ማስረጃ?
2. «ስሙን የማልገልጸው ተማሪ ነገረኝ» የሚል መምህር ከወፉ በምን ይለያል?