አራጣውና የአጎቴ ዕዳ፦ የቱ ይቅደም?

ጥያቄ፦ ቢዮ አዋሌ ነዋሪ ነኝ፤ ድሬዳዋ ከተማ አትክልት እያወረድኩ እሸጣለሁ። ከአንድ ሰው 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ፣ ከአጎቴ ደግሞ 8,000 ብር ተበድሬያለሁ። ለሁለቱም ጥቂት ጥቂት ብከፍልም ዕዳው አይቀንስም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አራጣውን ያስቀድሙ። ወለዱ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ነው፤ ከዋናው ይበልጣል። በወር ከ2,000 በታች ከከፈሉ ዕዳው ያድጋል። አጎትዎ ጊዜ እንዲሰጡዎ በግልጽ ይለምኗቸው፤ የመክፈያውንም ቀን ይቁረጡላቸው።

ሕጉም ይደግፍዎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ ካለፈ የሚታሰበው 9 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ይዘው ከአራጣ አበዳሪው ጋር በሽማግሌ ይነጋገሩ፤ ካልተስማማ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ለከፈሉት ሁሉ የጽሑፍ ማስረጃ ይያዙ።

ከገበያ ሲመለሱ በመጀመሪያ የነገውን መነሻ ገንዘብ፣ ቀጥሎ የዕዳውን ድርሻ ለይተው ያስቀምጡ፤ ቤት የሚተዳደረው በቀሪው ነው። ካልበቃ ጫቱንና ድግሱን ይቀንሱ እንጂ መነሻውን አይንኩ። ዕቁብ ካለዎት ዕጣው ሲደርስዎ በቀጥታ ለአራጣው ይዋል። ዕዳ በሌላ ዕዳ አይክፈሉ።