ቆጣሪው የማይቆጥረው

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ። ጠያቂው ከአጎቱ ፒካፕ የወረሰ ወጣት ነው፤ መላሹ ዕድሜውን በናፍጣ ሞተር ላይ የጨረሰ አንጋፋ መካኒክ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ያወረሰኝን ፒካፕ ላሳይዎት ነው የመጣሁት። በፈረንጅ የ1996 ሞዴል ሃይሉክስ ነው፤ 3ኤል ሞተር፣ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል። ቆጣሪው 78 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚለው። ሰው ሁሉ «ያልተነካ ነው፣ አንተም እንዳትነካው» ይለኛል።

አንጋፋው፦ ቆጣሪው እውነቱን ነው?

ወጣቱ፦ አጎቴ ከአዲስነቱ ጀምሮ የያዘው ነው። ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ካልሆነ አያወጣውም ነበር።

አንጋፋው፦ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ጥርሱ እንዳለ ነው፤ መሪውም አልላጠም። አልዋሸም እንበል። ግን ቆጣሪ የሄደውን መንገድ እንጂ የቆመውን ዓመት አይቆጥርም። የዚህ መኪና ብረት ገና ጎረምሳ ነው፤ ላስቲኩና ፈሳሹ ግን ሸምግሏል።

ወጣቱ፦ ይህ እንዴት ይሆናል?

አንጋፋው፦ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት እርጅና አለ። አንዱ በሥራ የሚመጣ ነው፤ ፒስቶን፣ የካምቢዮ ጥርስ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ካልሠሩ አያልቁም። ሌላው ቆሞም የሚመጣ ነው፤ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ቺንጊያ፣ ቱቦ፣ ፓራኦሊዮ፣ ጎማ፣ ባትሪ። ብዙ የሚነዳ ሰው ሁለተኛውን ሳያስበው ይቀይረዋል፤ ኪሎ ሜትሩ ይደርስና ጋራዥ ይገባል። ጥቂት የሚነዳ ግን ኪሎ ሜትሩን ሲጠብቅ ዓመቱ ያልፈዋል። የአምራቹ መጽሐፍ እኮ ኪሎ ሜትርና ወርን ጎን ለጎን ነው የሚጽፈው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይሠራል። ላንተ ሁልጊዜ የሚቀድመው ወሩ ነው።

ወጣቱ፦ ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የተነዳው ግን ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም። መለኪያውን አውጥቼ ሳየው ሙሉ ነው።

አንጋፋው፦ መጠኑ ሙሉ ነው፤ ጥሩነቱን ግን መለኪያው አይነግርህም። ናፍጣ ሲቃጠል ውሃም ይወጣዋል፣ በእንፋሎት መልክ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ይተንና ይሄዳል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ቀዝቅዞ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ከናፍጣው ድኝና ከጥላሸቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሠራል፤ አሲዱ ደግሞ መኪናው ቆሞ እያደረም ኩሽኔታውን ይበላል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከነፊልትሮው ቀይረው።

ወጣቱ፦ እኔ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ በየማለዳው አስነስቼ፣ አምስት ደቂቃ አሙቄ አጠፋዋለሁ።

አንጋፋው፦ እሱን ልማድ ተው! ቆሞ የሚያጉረመርም ናፍጣ ሞተር በአምስት ደቂቃ አይሞቅም፣ በዚህ በእኛ ውርጭማ አይታሰብም። ውሃውን ፈጥረህ ሳታስወጣው አጠፋኸው ማለት ነው። ማርሚታው ከውስጥ ይዝጋል፤ ባትሪውም ለካንዴሌታና ለሞተሪኖ ያወጣው አልተተካለትም። ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መንገድ ላይ አውጣው። ያኔ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮው፣ ዲፍረንሻሉ፣ ፍሬኑ ሁሉ ይፍታታል። በወር አንዴ ደግሞ የፊቱን ዲፍረንሻል አስገብተህ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳው፤ የቶዮታ መጽሐፍም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ዘይቱ የፊት ጥርሶቹን ያዳርሳል።

ወጣቱ፦ አዲስ አበባ ስሄድ አስፋልቱ ላይ ላድርገዋ?

አንጋፋው፦ በደረቅ አስፋልት አይሆንም። ፊትና ኋላው ሲያያዝ መሐል ላይ የዙሩን ልዩነት የሚያቻችል ነገር የለውም፤ በመታጠፊያ ላይ ጥርሱ ይወጣጠራል። ጎማው ትንሽ መንሸራተት የሚችልበት ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ፈልግ።

ወጣቱ፦ ስለማልነዳው ናፍጣም ሩብ ታንክ ብቻ ነው የምቀዳው።

አንጋፋው፦ የቀረው ሦስት ሩብ አየር ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከናፍጣ ስለሚከብድም ታች ይዘቅጣል። የናፍጣ ፓምፕህ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውሃ ካገኘው ይፋቃል። ታንኩን ወደ ሙሉው አስጠጋና አሳድረው። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻም አንዳንዴ ፈታ አድርገህ የተጠራቀመውን ውሃ አውጣ። ባትሪውንም አስለካ፤ አርፎ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። ከ12.4 በታች ሆኖ ከከረመ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ዕድሜው ያጥራል።

ወጣቱ፦ አሁን የሚያስጨንቀኝን ልጠይቅዎ። አንድ መካኒክ «ይህን ያህል ዓመት የቆየ ሞተር ነው፣ ይከፈትና ይታይ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ምንም አያስፈልገውም» አለኝ።

አንጋፋው፦ አንዱ ዓመቱን ብቻ አየ፣ ሌላው ቆጣሪውን ብቻ። ሞተሩን አትክፈት። ጭሱ ንጹሕ ነው፤ ዘይትም አይበላም። ያልደከመ ብረት መፍታት ያልነበረ ችግር መጋበዝ ነው። የሚቀየረው ከፊት በክዳኑ ሥር ያለው ቺንጊያ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች፣ አይተሃታል?

ወጣቱ፦ ቁልፍ ስከፍት በርታ ትጠፋለች። ችግር ሲኖር ትበራለች ብዬ ነው የተውኳት።

አንጋፋው፦ እሷ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እንድትበራ የተሠራች ናት። የቺንጊያውን መድረቅ አታይም። ገና 22 ሺህ ይቀርሃል እያለችህ ነው፤ በአጎትህ አነዳድ ያ ገና ብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል። ቺንጊያው ግን ላስቲክና ክር ነው፤ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቀ ያደርቀዋል። ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬዳቸው እሱ ነው። ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ፒስቶኑ ግን ወደ ላይ ይመጣል፤ በዚህ ሞተር ውስጥ ለሁለቱ የሚበቃ ቦታ የለም። ቫልቭ ይታጠፋል፣ ፒስቶን ይመታል። ያኔ ሞተሩ በግድ ይከፈታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቺንጊያውን ከነመወጠሪያው ቀይር። እግረ መንገዱን የፊት ፓራኦሊዮዎቹን አስፈትሽ፤ ካፈሰሱ አዲሱን ቺንጊያ ዘይት ያበላሸዋል።

ወጣቱ፦ ፍሬኑስ? ሸራው ወፍራም ነው፣ ጥሩም ይይዛል።

አንጋፋው፦ እዚህ ሜዳው ላይ ይይዛል። ወደ ሸዋ ሮቢት ልትወርድበት አስበሃል?

ወጣቱ፦ ሽንኩርት ለማምጣት፣ አዎ።

አንጋፋው፦ እንግዲያው ስማኝ። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ጣርማ በር ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ይህን ሁሉ የምትወርደው በአጭር መንገድ፣ በጠመዝማዛ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ታሽጎ በተቀመጠ መኪናም ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው መስፈርቱ፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ እየደጋገምክ ስትረግጥ ሙቀቱ ዘይቱ ዘንድ ይደርስና ውስጡ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሉ ባዶውን ወለል ይነካል፤ ሸራህ ወፍራም መሆኑ ያን ጊዜ አይረዳህም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይር። ስትወርድም በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ለመታጠፊያው አስቀምጥለት።

ወጣቱ፦ ጎማዎቹን ግን መቀየር የለብኝም መሰለኝ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው።

አንጋፋው፦ ጎንበስ በልና ጎኑን አንብብ። «ዶት» ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። ምን ይላል?

ወጣቱ፦ 2309።

አንጋፋው፦ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መስሎህ እንዳትሳሳት፣ የፈረንጅ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ በየጊዜው በባለሙያ ይታያል፤ አሥር ዓመት ከሞላው ግን ጥርሱ ምንም ያህል ቢሆን ይወርዳል። ጎኑ ላይ እነዚያን ስንጥቆች ታያቸዋለህ? ጭነት ጭነህ ቆላ ሙቀት ውስጥ ስትገባ የሚፈነዳው ከዚያ ነው። ከሥር የተንጠለጠለውን ተጠባባቂ ጎማም እይ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው ማንም የማያየው እሱ ነው።

ወጣቱ፦ ራዲያተሩን የቧንቧ ውሃ ነው የምሞላው።

አንጋፋው፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሞተርህ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከዚያ አይርቅም። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። ክዳን ርካሽ ነው፣ ቀይረው። የቧንቧ ውሃውን አስወጥተህ የተበጠበጠ አንቱፍሪዝ አስገባ፤ የሌሊት ውርጭን ብቻ ሳይሆን ዝገትንም ይከላከላል። እሱም ዕድሜ አለው፣ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የደረቁ ቱቦዎችንም አብረህ ለውጥ።

ወጣቱ፦ ከሥሩስ ምን ላድርግ?

አንጋፋው፦ ክሮቼራዎቹንና የባሌስትራ ማያያዣዎቹን ግራሶ አስገፋ፤ አዲሱ ግራሶ አሮጌውን ገፍቶ እስኪያወጣ ድረስ። ከክረምት በኋላ ሻሲው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጭቃ አሳጥብ፤ እርጥብ ጭቃ ዝገት ያሳድራል። ማዳበሪያ ወይም ጨው ከጫንክ ያንኑ ቀን እጠበው፣ ሁለቱም ብረት ይበላሉ። ለረጅም ጊዜ ስታቆመው ደግሞ የእጅ ፍሬን ስበህ አትተወው፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። ኮፈኑንም አልፎ አልፎ ከፍተህ እይ፤ አይጥ የሽቦ ልባስ ትወዳለች።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙ ገንዘብ ነው። ሸጬ አዲስ ብገዛስ?

አንጋፋው፦ የምትገዛው ምን ሊሆን ነው? በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። ያ ሁሉ በገበያው ዋጋ ላይ ይታያል። ገዝተህም የምታገኘው ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ይሆናል፤ የእሱ ብረት አልቋል። ብረት ማደስ ነው ውዱ። ያንተ ያለቀው ርካሹ ነው።

ወጣቱ፦ በየት ልጀምር ታዲያ? ሁሉንም ባንዴ አልችልም።

አንጋፋው፦ መጀመሪያ ሰው የሚገድለውን፤ የፍሬን ዘይትና ጎማ። ቀጥሎ ሞተር የሚገድለውን፤ ቺንጊያ፣ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ክዳንና ቱቦ። ሦስተኛ መንገድ ላይ የሚያስቀርህን፤ ባትሪና የናፍጣ ፊልትሮ። የካምቢዮና የዲፍረንሻል ዘይት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፍሪሲዮኑን፣ ፒስቶኑን፣ ፓምፑን ግን ምልክት ካላሳዩህ ማንም እንዳይነካብህ። አንድ ደብተር ግዛና ለእያንዳንዱ ሥራ ኪሎ ሜትሩንም ቀኑንም ጻፍ።

ወጣቱ፦ ይህን ከጨረስኩ በኋላ እንደ አጎቴ በጥንቃቄ አስቀምጠዋለሁ።

አንጋፋው፦ አታስቀምጠው! ይህን ሁሉ ወጪ ያመጣብህ መቀመጡ ነው። ሽንኩርትህን ጫንበት፤ ልኩን አታሳልፍ እንጂ። የሠራ መኪና የሚጎድለውን በድምፁም በሽታውም ይነግርሃል። የቆመ መኪና የሚነግርህ ጣርማ በር ላይ ነው።